መውጫ ያጣ ሙቀት

በአየር ሞገድ ላይ የሚያውቋት ሰዎች «ደወሏ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ ሳታስቀድም አንድ ደቂቃም ሳታሳልፍ፣ «እንደምን አደራችሁ፣ የስም ጥሪያችን ተጀመረ» የሚለው ድምፅዋ አርባ አንድ ቤት ይገባል። አርባ አንዱም እንደ እሷ በየቤታቸው የሬዲዮ ማሠራጫ የተከሉ፣ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠሩ አማተሮች ናቸው። አንዱ «ጎማው» የሚሉት ጎማ ጠጋኝ ነው፣ አንዷ አዋላጅ፣ አንዱ ጡረታ የወጣ መርከበኛ። ተራ በተራ ትጠራቸዋለች፤ ተራ በተራ የሳምንታቸውን ያወጋሉ። የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ወሬ የሚያንዛዛ «ወንድሜ፣ ሰው ይጠብቃል» ይባላል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ልጓም የምትነዳው እሷ ናት። ይህ ኃላፊነት በእነሱ ቋንቋ «ወንበሩ» ይባላል። ወንበሩን ይዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ዘንድሮ በጋው ከገባ ወዲህ ግን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ጥሪው መሀል ላይ ድምፅዋ ጠፋ። መጀመሪያ ሃያ ሦስተኛው ሰው ላይ፣ ቀጥሎ ሃያ አንደኛው ላይ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገና አሥራ ዘጠነኛው ላይ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቁጣ የማያውቁ ሽማግሌ፣ በመጨረሻ እንዲህ አሏት፦

«እህቴ ደወሏ፣ እንዳትቀየሚኝ። ከተራራው ወዲያ ያሉት አሥራ ስድስት ሰዎቻችን እየዋሉ ሳይጠሩ ቀሩ። ለሁለት ሳምንት ጎማው ይያዝልሽና አንቺ መሣሪያሽን አብጂ። በሦስተኛው ተመልሰሽ ከአንድ እስከ አርባ አንድ ሳትቋረጪ ካደረስሽ ወንበርሽ ወንበርሽ ነው። ከተቋረጥሽ ግን ለእሱ እንሰጠዋለን።»

«ተቀብያለሁ» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

የምትኖርበት ሕንፃ ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ድስት ነው። ከጣራው ላይ የዘረጋችው ሽቦ ብቻውን ድምፅዋን ከተራራው አያሻግረውም። የሚያሻግረው በእጇ የሠራችው አምፕሊፋየር ነው። ትንሿን ድምፅ ተቀብሎ ሃያ እጥፍ አጉልቶ ይለቃታል፤ ነገር ግን በነፃ አይሠራም፤ ከሚበላው መብራት ግማሹን ድምፅ፣ ግማሹን ሙቀት አድርጎ ይተፋል። ሙቀቱን ትራንዚስተሮቹ ከተቀመጡበት ባለ ክንፍ አልሙኒየም ላይ ፋን እየነፋ ካላነሣው፣ ቀስ እያለ ይከመራል። ሰማንያ ዲግሪ ሲደርስ መሣሪያው ተቃጥሎ ከመሞት ብሎ ራሱን ያገልላል። ያኔ የደወሏ ድምፅ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፤ ከተራራው ወዲያ ያሉት ሰዎች «አለሽ? አለሽ?» ይላሉ፤ እሷ አለች፣ ግን አትሰማም።

ቤቱ የእሷ አይደለም፤ የወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች። በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ያለ ኮምፓስ በእጁ ብቻ ክብ ስለሚሥል ተማሪ ሁሉ የሚፈራው፣ ሚስት ያላገባ፣ ቀልዱ የሚቆጠቁጥ ሰው። ከስምንት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። እሷ ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ጥገና ክፍል ባልደረባ ነበረች፤ ግቢ ያለው ቤት ተከራይታ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ምሰሶ አቁማ ትኖር ነበር። አንድ ሻንጣ ልብስና ሬዲዮዋን በካርቶን ይዛ «ለሁለት ሳምንት» ብላ መጣች። የዓመት ፈቃዷ አለቀ። ያለ ደመወዝ የወሰደችውም ፈቃድ አለቀ። ከዚያ በቦታዋ ሌላ ሰው ተተካ፤ ምሰሶውን አዲሱ ተከራይ የልብስ ማስጫ አደረገው። ሁለቱ ሳምንታት እስካሁን አላለቁም።

አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ በመሀላቸው መተላለፊያ። እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች። የሳሎኑ ብርሃን የሚመጣው ከደረጃው በኩል በማይከፈት ወፍራም መስታወት ነው። በቤቱ ውስጥ የሚከፈት መስኮት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በጋሼ ክፍል ነው፤ ጋሼ ደግሞ በስምንት ዓመት ውስጥ አስከፍቶት አያውቅም። ነፋስ ይፈራል። «ደረጃ ያልገደለኝን ሰው ነፋስ ሊገድለኝ ነው?» ይላል ትንሽ ገርበብ ስታደርገው። እሷም ትዘጋዋለች። ሬዲዮዋ ያለችው መስኮት በሌላት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከገባ በኋላ እግር የማታስዘረጋ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳዋ ከጋሼ አልጋ ራስጌ ጋር አንድ ነው።

«ሄሊኮፕተርሽ ተነሣ?» ብሎ ነበር ጋሼ አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ ያበራችው ቀን፣ ከግድግዳው ወዲያ።

«ፋን ነው ጋሼ።»

«ፋን ከሆነ ያራግብ፤ ለምን ይጮኻል? ምርጫ ሊወዳደር ነው?»

በዚያው ቀን የፋኑን መብራት በግማሽ ቀንሳ ዝግ ብሎ እንዲዞር አደረገችው። ሲጮኽ ይነጫነጫል፣ ሲነጫነጭ ወገቡን ያመዋል፣ ሲያመው ሌሊቱን ሁለቱም አይተኙም። የዕቃ ቤቱንም መዝጊያ ጠበቅ አድርጋ ዘጋች። ሃያ ሦስት ዓመት ማሠራጫ ስትጠግን የኖረች ሴት ይህ ስሕተት መሆኑን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። የተጠሪዎቹ ቁጥር ሃያ አምስት በነበረ ጊዜ ግን ጥሪው ከሙቀቱ ቀድሞ ያልቅ ነበር። አርባ አንድ ሲሆኑ ሙቀቱ ቀደመ።

ያን ሁለት ሳምንት መሣሪያዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከረመች። ትራንዚስተሮቹን ፈትታ አነሣች። በእነሱና በአልሙኒየሙ መካከል የተቀባው፣ ሙቀት የሚያሻግረው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል አጠበችው። አልሙኒየሙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየሞረደች ፊቷን እስኪያሳይ ድረስ አለሰለሰችው። አዲሱን ቅባት የሩዝ ፍሬ ታህል ጠብ አድርጋ በካርድ ጠርዝ ሳሳ አድርጋ ዘረጋችው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቅባት ሲበዛ የሚጠቅም ይመስለዋል፣ እንደ ማርማላታ ይለድፈዋል፤ ወፍራም ቅባት ግን ሙቀቱን ከማሻገር ይልቅ ብርድ ልብስ ይሆንለታል። ፋኑንም በትልቅ ለወጠችው፤ ትልቅ ፋን ዝግ ብሎ ዞሮም ብዙ አየር ያነሣል።

የአንድ ሰው ተራ የሚፈጀውን ጊዜ እየቆጠረች ሞከረችው። ድሮ አሥራ ዘጠነኛው ሰው ላይ የሚቋረጠው አሁን ሃያ አራተኛው ላይ ተቋረጠ።

«ምን ይሸተኛል?» አለ ጋሼ።

«አልኮል ነው።»

«ብቻሽን ነው የምትጠጪው? ወንድም የለሽም?»

ረቡዕ ረቡዕ ጋሼን ተሸክሞ መታጠቢያ ቤት የሚያስገባው ከምድር ቤት ያለው የላውንደሪው ባለቤት ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ፣ ከካውያው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። የዚያን ረቡዕ ጋሼን አልጋው ላይ መልሶ ሲያበቃ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመና አንገቱን አስገባ፤ ወዲያው መልሶ አወጣው።

«እትዬ፣ ይሄ ቤት ነው ምድጃ?»

«ፋኑ እየሠራ ነው እኮ።»

«ይሥራ። አየሩ የት ይወጣል?»

«በደንብ ይዟዟራል።»

«ይዟዟራል! የታሰረ ሰውም በግቢው ይዟዟራል» አለ። «እኔ ማድረቂያዬን ትንፋሹን በቱቦ ወደ ውጭ ካላወጣሁለት ልብሱም አይደርቅ፣ እኔም አልተርፍ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ምን እነግርዎታለሁ። ፋን እንደሆነ ብርድ አይወልድም።»

ይህንን ነገር ለስንት ወጣት ቴክኒሻን በአፏ ነግራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሙኒየም ስትወለውል፣ ቅባት ስትለካ የከረመችው ችግሩ እዚያ ስላልነበረ ነው። ችግሩ ያለበት ቦታ ላይ እጇን ለማሳረፍ ጋሼን አንድ ነገር መለመን ነበረባት፤ ጋሼን ደግሞ ስምንት ዓመት ስትሰጠው እንጂ ስትለምነው አልኖረችም።

ግድግዳው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ወደ ጋሼ ክፍል የሚያወጣ የድሮ የአየር ቀዳዳ ነበር፤ በካርቶን ተደፍኖ ቀለም ተቀብቶበታል። ቀና ብላ አየችው። ሰውየውም አብሮ ቀና አለ።

«ወደ ጋሼ ክፍል? ያብዳሉ!»

«ጋሼ ሁልጊዜ እንደበረደው ነው። በዚህ በጋ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ነው የሚተኛው። እኔ ሙቀት ተረፈኝ፣ እሱ ሙቀት አጣ። ምን ችግር አለው?»

«ከዚያስ? ከእሳቸው ክፍል የት ይሄዳል? መስኮቱ…»

«መስኮቱን ተወው።»

በማግሥቱ ከአሮጌ ማድረቂያው የነቀለውን፣ እንደ አባ ጨጓሬ የተሸበሸበ ባለ ብርማ ቀለም ቱቦ ይዞላት መጣ። አንዱን ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ ሌላውን ከቀዳዳው ጋር በሽቦ አሰሩት። ለጋሼ «ግድግዳው ረጥቧል፤ አየር እንዲያገኝ ነው» አለችው። ጋሼ ቱቦውን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየና «ምነው፣ ኩላሊቴ ደከመ እንዴ?» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሙከራ የጠራችው ጎማውን ነው። ከተራራው ወዲያ ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ወንበሩን ሊወስድባት የተሰየመው ሰው፣ እሱ ራሱ።

«ወንበሩን እንደምትነጥቂኝ እያወቅሁ እረዳሻለሁ» አላት። «እንደ እኔ ያለ ጅል የት ይገኛል? ነይ፣ ድምፅሽ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ያንቋቋል። ስንት ዲግሪ ደረሰ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«እሰይ! ወንድምሽስ? ዘንድሮስ ለዓመታዊው ስብሰባ ትመጫለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ወንበርሽን በድምፅ ልትሞዪ ነው?»

«እመጣለሁ» አለች። «ወንድሜ እየተሻለው ነው። ዱላ ይዞ እስከ በር መድረስ ጀምሯል።»

ሃያ ደቂቃ ተጫወቱ። ሳቀች። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከስልሳ በላይ ንቅንቅ አላለችም። ስትጨርስ ሻይ ይዛ ወደ ጋሼ ገባች። አንደኛውን ብርድ ልብስ ገፎ፣ እጁን ከላይ አውጥቶ ተጋድሟል። እንዲህ ሆኖ ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሷም አታውቅ።

«ዛሬ ፀሐይዋ በዚህ በኩል ዞረች መሰለኝ፤ ደስ ይላል» አለ። ሻዩን ተቀበላት። አንድ ጊዜ ፉት አለ። «እና፣ እስከ በር እደርሳለሁ አሉ።»

ዓይኗ ወደ ቀዳዳው ሄደ።

«በቱቦው የሚመጣው ሙቀቱ ብቻ መሰለሽ? ለመሆኑ መራመድ ከጀመርሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«ሰባት ዓመት» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ሰባት ዓመት ሄጄ ገና በር? ቀንድ አውጣ እንኳ እስካሁን ገበያ ውሎ ይመለሳል።»

ሳቋ አመለጣት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ለምንድን ነው የምትዋሺው?»

«አይነሣም ካልኳቸው አይዞሽ ይሉኛል። አይዞሽ መባል ሰለቸኝ።»

«ወንበር የሚሉትስ ነገር? ጎማው እንደሆነ ደህና ሰው ነው፤ ድምፁም ያምራል። ብትሰጪው ምን ትሆኛለሽ?»

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለች። «በሌላው ቀን የሚጠብቀኝ…»

«በሌላው ቀን የሚጠብቅሽ እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም ጋሼ።»

«ነው እንጂ። ሂሳቡ ያ ነው» አለና ሻዩን ጨለጠ። «መስኮቱን ግን እንዳታነሺብኝ።»

«መች አነሣሁ?»

«ልታነሺ ነበር።»

እውነቱን ነው። አፏ ላይ ነበር። ብርጭቆውን ተቀብላው ወጣች።

ቅዳሜ ደረሰ። ከማለዳው ጀምሮ ሰማዩ የተጠረገ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን የደረጃው እጀታ እጅ ያቃጥላል። ጋሼን አበላች፣ አጠበች፣ ትራሱን አስተካከለች፣ መጋረጃ የሚስብበትን ረጅም ዱላ አጠገቡ አስቀመጠችለት። «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አለችው። «ሂጂ፣ ሕዝብሽ ይጠብቃል» አላት። የዕቃ ቤቱን መዝጊያ ዘጋች። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። አራት ሰዓት ሲሆን ድምፅዋን ለቀቀችው።

መልካም ተጀመረ። ከተራራው ወዲያ ያሉት ሁሉ «እንደ ጎረቤት ትሰሚያለሽ» አሉ። መርከበኛው ስለ ጉልበቱ አወራ፤ አዋላጇ በአንድ ሌሊት መንታም ነጠላም ተቀበለች። በአንዱና በአንዱ ተጠሪ መካከል፣ ማይክሮፎኑን ዘግታ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ የተረፈ ልማዷን ትፈጽማለች። እዚያ አንዱ መለኪያውን እያየ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ይጽፋል። እዚህ የሚጽፍ የለም፤ እሷ ግን ታነባለች። «ስልሳ አንድ።» «ስልሳ ሁለት።»

አሥራ አምስተኛው ሰው ላይ ስልሳ ስድስት። ሃያኛው ላይ ሰባ አንድ። ሐሙስ እንዲህ አልነበረም። ሐሙስ ግን የተጫወተችው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ጋሼም ክፍል ያኔ ገና ቀዝቃዛ ነበር። አሁን ክፍሉ ሞልቷል። ከበሩ ሥር ነፋስ እንዳይገባ ብላ ራሷ የለጠፈችው ጨርቅ አለ፤ መስኮቱ እንደ ተዘጋ ነው፤ ፋኑ የሚገፋው አየር መሄጃ አጥቶ በገባበት ይመለስበታል። «ሰባ ሦስት» አለች። ላቧ ከአገጯ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ይላል። መዝጊያውን ብትከፍተው መተላለፊያውም ያው የታፈነ ነው። ተነሥታ ብትሄድ፣ «ጋሼ፣ መስኮቱን ልክፈተው» ብትል… እስክትመለስ ድረስ አርባ አንድ ሰው ዝምታዋን ይሰማል፤ ደወሏ ዝም አለች ማለት ተቋረጠች ማለት ነው። ኃይሉን ቀንሳ እንዳትሠራ የተራራው ወዲያ ሰዎች ይጠፏታል። በወዲህም በወዲያም የተዘጋ ነው።

«ሰባ ስድስት። ሰባ ሰባት።» ድምፅዋ ለራሷም አላማራትም። ሃያ ስድስተኛው ተጠሪ ስለ ልጁ ሠርግ ይተርካል፤ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል «እልል!» አለችለት። ሃያ ሰባተኛውን ጠራች። «ሰባ ስምንት።» የቀራት የሁለት ሰው ዕድሜ ነው።

በዚህ መሀል ወለሉ ድም ሲል በእግሯ ተሰማት። ከታች ላውንደሪው ከባድ ዕቃ የጣለ መሰላት።

ከዚያ መርፌዋ ቆመች። ቀጥላም ወረደች። «ሰባ ሰባት» አለች ሳታምን። «ሰባ አምስት።» ሠላሳኛው ላይ ሰባ አንድ፣ ሠላሳ አምስተኛው ላይ ስልሳ ስምንት። ከቀዳዳው በኩል ቱቦው እንደሚተነፍስ ሰው ረገብ ከፍ ይላል። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ የደስታ ነገር አልመረመረችውም። ምናልባት ፀሐይዋ ዞራ ይሆናል። ድምፅዋ ተከፈተ፤ ቀለደች፤ ጎማውን ሠላሳ ዘጠነኛ ብላ ስትጠራው «ወንበሩን በእጄ ዳስሼው ነበር፣ ወሰድሽው!» አላት። አርባ አንደኛው ሊቀመንበሩ ነበሩ።

«ደረስን» አሉ። «እንግዲህ ደንባችንን ታውቂዋለሽ። ስለ ሰው ስንመክር ሰውየው አይሰማም። ለአሥር ደቂቃ ጆሮ ማዳመጫሽን አውልቂ፤ ስንጨርስ እንጠራሻለን።»

ጆሮ ማዳመጫውን ነቅላ ሲጠሯት እንድትሰማ ስፒከሩን አበራችውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ለጋሼ ለማብሠር ሮጠች።

የክፍሉን በር ስትከፍት ነፋስ ፊቷን መታት። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ወደ ውስጥ ተነፍቶ ይርገበገባል። አልጋው ባዶ ነው። ጋሼ ከመስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በግንባሩ ግማሽ በጎኑ ግማሽ ተደፍቷል። ዱላው ከእሱ ርቆ ወድቋል።

«ጋሼ!»

«ጨረስሽ?»

«ምን ሆንክ? ምን…»

«ጨረስሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«ጨረስኩ። አርባ አንዱንም።»

«መጨረሻ ላይ ስንት ነበር?»

«ስልሳ ስድስት።»

«ጥሩ ነው» አለ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «በየሰው አንድ ዲግሪ ትጨምሪ ነበር። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ሰማንያ ትገቢያለሽ ብዬ አሰላሁ። መቀርቀሪያው ለዱላ እምቢ አለ፤ እጅ ፈለገ። ከአልጋው ጠርዝ ተንጠራርቼ ከፈትሁት። መመለሱን ነው ያላሰላሁት።»

ተንበርክካ እጁን ያዘችው። ሲሚንቶው አቀዝቅዞት በረዶ ሆኗል። ከሃያ ሰባተኛው ሰው እስከ አርባ አንደኛው በሐሳቧ ቆጠረች፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ እሷ ስትስቅ በቱቦው እየሰማት ነበር።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«መሀል ላይ ነበርሽ።»

በብብቱ ይዛ ልታነሣው ታገለች፤ አልቻለችም። ብርድ ልብሱን ስባ አለበሰችው፤ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደገፈችው። ወንበሩን ብትተወው ይህ ሰው ሲሚንቶ ላይ የተኛው በከንቱ ነው። ብትይዘውስ? ከእንግዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚያች ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ወለሉ ድም ይላል እያለች ልታዳምጥ ነው። እስካሁን ልትወጣው የማትችለው ክፍል አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ።

ስፒከሩ ከዕቃ ቤቱ፣ በቱቦው በኩል፣ ከራስጌያቸው ተናገረ። «ደወሏ፣ ደወሏ። በአንድ ድምፅ ወንበሩ የአንቺ ነው። መቀበልሽን አሰሚን።»

ሁለቱም ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩ።

«መልሺላቸው እንጂ» አለ ጋሼ።

«ይቆዩ። መጀመሪያ ከታች ሰው ልጥራ።»

«አርባ ደቂቃ የቆየ ሰው አንድ ደቂቃ አያቅተውም። ሂጂ መልሺ! ለወጉ ነው እንዴ የወደቅሁት?»

ሄደች። ማይክሮፎኑን አነሣች። «ተቀብያለሁ። አመሰግናለሁ» አለች። ከወዲያ በኩል ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ፤ ጎማው ጥሩምባ ነፋ። አላደመጠችውም፤ በሩን ከፍታ ደረጃውን እየዘለለች ትወርድ ነበር።

የላውንደሪው ባለቤት ጋሼን አንሥቶ አልጋው ላይ መለሰው፤ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ የሁለቱን ፊት ሲያይ ተወው። ክንዱ ተልጧል፣ ግንባሩ አብጧል፤ የተሰበረ ነገር ግን አልነበረም። ሰውየው ከወጣ በኋላ ጋሼ ሁለቱንም ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ሳበና፣ «አሁን ዝጊው» አለ። «ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ግን ሳትገቢ በፊት አንቺው ክፈችው። ስትጨርሺ ትዘጊዋለሽ። ሁለት ሰዓት ነፋስ አይገድለኝም፤ ሞክሬዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ስምንት ዓመት ሳትለምነው የኖረችው ነገር ይኸው በእጇ ገባ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቱን ከፈተች፣ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ደረበችለት፣ አራት ሰዓት ሲሆን ጥሪውን ጀመረች። መርፌዋ ስልሳ አራት ላይ ቁጭ አለች፤ እስከ መጨረሻውም አልተነሣችም። ከተራራው ወዲያ ያሉት ግን የሆነ ነገር ታዘቡ። ድሮ ከአየር ሞገዱ አቧራ ውስጥ ሹክሹክታ ለቅማ የምታወጣ ሴት አሁን አሥሬ ትጠይቃለች። አዋላጇ ስትናገር «ይቅርታ፣ ድገሚልኝ» አለች። መርከበኛውን «ይድገሙልኝ» አለች። ጎማውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

«ምነው ደወሏ፣ ጆሮሽን ምን ነካው?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለች። የጆሮ ማዳመጫዋን ግራውን ጎን ከጆሮዋ ገፍታ ወደ ኋላ አድርጋዋለች፤ በዚያኛው ጆሮዋ ግድግዳውን ታዳምጣለች። «ድገምልኝ፤ የመጨረሻዋ ቃል አልገባችኝም።»